ስፔሻል ሳንዱች፣ ያለ ቲማቲም

ሥራ የጀመርኩ ቀን የፀጉር ቤቱ ባለቤት አው ሙክታር መጀመሪያ የጠየቁኝ ስሜን ነው። «ደምሴ እባላለሁ» አልኳቸው። የያዙትን ማበጠሪያ አስቀመጡና ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

«ምላጭ ልትይዝ መጥተህ ስምህ ከደም ይጀምራል?»

ወንበሩ ላይ የነበረው ደንበኛ ፊቱ በሳሙና እንደተሸፈነ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ስሙን ያወጣልኝ አባቴ ነው፤ ከጎጃም ወደ ሐረር ተመድቦ የመጣ መምህር ነበር፣ ልጁ ፀጉር አስተካካይ ይሆናል ብሎ አላሰበም። አው ሙክታር ግን ነገሩን በዋዛ አላዩትም። «ሰው ጉሮሮውን ሰጥቶን ተቀምጦ ሳለ በዚህ ቤት ደም የሚል ነገር አይጠራም» አሉ። ከዚያ በኋላ በስሜ አይጠሩኝም ነበር።

ቤቱ ፈረስ መጋላ ነው፣ ወደ ሰፊዎቹ መንገድ፣ ወደ መኪና ግርግር መታጠፊያው አጠገብ። የሰፊዎቹ የልብስ ስፌት መኪና ድምፅ ከጠዋት እስከ ማታ ይሰማናል። ሦስት ወንበር ነበረን። በሩ አጠገብ ያለው የባለቤቱ የአው ሙክታር ነው፤ እዚያ የሚቀመጡት የጀጎል ሽማግሌዎችና የድሮ ደንበኞች ናቸው። ጥጉ ላይ ያለው የሚኪ ነው፤ ሚኪ ከእኔ በፊት የገባ፣ በቶንዶዝ ብቻ የሚሠራ፣ እጁ ፈጣን አፉም ፈጣን የሆነ ሰው ነው። መሐለኛው የእኔ ሆነ። ስለዚህ ስሜም «ሁለተኛ» ሆነ። «ሁለተኛ፣ ፎጣ አምጣ።» «ግቡ፣ ሁለተኛ ባዶ ነው።» አንድ ቀን እኔ ወጣ ባልኩበት እናቴ ምሳ ይዛልኝ መጥታ «ደምሴ አለ ወይ?» ብትል፣ አንድ የድሮ ደንበኛ «ደምሴ የሚባል ሰው እዚህ የለም» ብሎ መለሳት። ምሳውን ይዛ ሄደች።

መጀመሪያ ምላጭ ያሳረፍኩት ሰው ፊት ላይ አይደለም። አው ሙክታር በር ላይ ከሚሸጡት ሴቶች የቁልቋል ፍሬ ገዝተው ፊቴ አስቀመጡ። የቁልቋል እሾህ ከፀጉር የቀጠነ ነው፣ ጣት ውስጥ ከገባ ቀኑን ሙሉ ያሳክካል። «እሾሁን ላጭ፣ ልጡን አትንካ» አሉኝ። ሳሙና እየቀባሁ ስላጭ ሰነበትኩ። ልጡ የተቧጨረው ፍሬ የእኔ ነው፣ ሳይነካ የቀረው የሚኪ። ሚኪ በቁልቋል መወፈር ሲጀምር አው ሙክታር ወደ ሰው ፊት አሸጋገሩኝ።

እርጥብ መላጨት ቅደም ተከተል አለው። ፎጣ በፈላ ውኃ ይነከራል፣ ይጨመቃል፣ ፊት ላይ ይደረጋል። ሳሙናው በጎድጓዳ ሳህን ውስጥ በብሩሽ ይመታል። ምላጩ ደንበኛው እያየ ከወረቀቱ ይወጣና መያዣው ውስጥ ይገባል። በግራ እጅ ቆዳውን ትወጥራለህ፣ በቀኝህ ምላጩን ወደ ፀጉሩ አበቃቀል ታወርዳለህ። መጨረሻ ላይ ሻብ የምንለው ነጭ ድንጋይ ረጥቦ ይታሻል፣ አልኮል ይከተላል። ይህን ሁሉ አው ሙክታር ሲሠሩት ሰውየው ወንበሩ ላይ ይቀልጣል። እኔም ሥራውን የወደድኩት በዚህ ነው፤ ሰው ፊቱን ቋጥሮ ገብቶ ፈትቶት ሲወጣ ማየት ደስ ይለኝ ነበር።

ችግሩ ሰው እርጥብ መላጨት መተዉ ነው። ቶንዶዝ ውኃ አይፈልግም፣ ጊዜ አይፈጅም፣ አያቆስልም። የሚኪ ተራ ጠባቂዎች በረንዳውን ሞልተው ስልካቸውን ሲጎረጉሩ እኔ ወንበሬን እወለውላለሁ። እጅግ ከመወልወሉ የተነሳ ሚኪ «ሁለተኛ፣ ቆዳው አለቀ፣ ስፖንጁን ትላጫለህ አሁን» ይለኝ ነበር። አው ሙክታር ያረጁ ደንበኞቻቸው ይበቋቸዋል። የሚበቃኝ ያጣሁት እኔ ነበርኩ።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ጠዋት አው ሙክታር ጠሩኝ።

«ሁለተኛ፣ እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም፣ ወላሂ። ግን ሰው የማይቀመጥበት ወንበር ዕቃ ነው። እስከ አረፋ እንይ። ካልሆነ ወንበሩን አውጥተን ለተራ ጠባቂ ሶፋ እናስገባለን።»

«እኔስ፣ አው ሙክታር?»

«አንተ ሶፋ ላይ ምን ትሠራለህ?»

ፈራሁ። ሌላ የማውቀው ሙያ አልነበረም። ቶንዶዝ ይዘህ ሥራ እንዳትሉኝ፣ ሞክሬዋለሁ፤ ጆሮዬ ሥር ሲጮህ እጄ ይጠፋብኛል። እስከ አረፋ ድረስ ያ ወንበር ሰው ካላገኘ እኔም ከዚያ ቤት መውጣቴ ነው።

አሁን ወደ ፈቲያ ልምጣ። ፈቲያ ጎረቤታችን ናት፣ የጁስና የሳንዱች ቤት አላት። የጀጎል ልጅ ናት፣ ምላሷ ስለት አለው፣ የእንቁላል ሳንዱቿን የማያውቅ ሰው ፈረስ መጋላ አልረገጠም ማለት ነው። የእሷና የእኛ ቤት አንድ በረንዳ ይጋራሉ። ምሳ ሰዓት ቦታ ሲጠባት ደንበኞቿ የእኛ አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ፤ አግዳሚው ሲሞላ ደግሞ ወደ ውስጥ ይዘልቃሉ። እሷ ጋ የሚያስተናግደው ሰው ነጭ ጋውን ይለብሳል። እኛም ነጭ ጋውን እንለብሳለን። ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

አንድ ቀትር ላይ ሻምበል በላይ ገቡ። ከተማው የሚያውቃቸው ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው፣ ዕድሜ ልካቸውን ቤታቸው በገዛ እጃቸው የሚላጩ። ባዶ ወንበር አዩ፣ ተቀመጡ። ከየት መጣልኝ ብዬ ጨርቁን አንገታቸው ላይ አሰርኩ። በመስታወቱ ውስጥ ቀና ብለው አዩኝና «ስፔሻል ሳንዱች» አሉ።

አሁን ስነግራችሁ ያስቃል። ያኔ ግን ሚኪ ጋ የሚመጡት ወጣቶች አቆራረጡን በኳስ ተጫዋች ስም፣ በዘፋኝ ስም፣ በመኪና ስም ሁሉ ያዝዙ ነበር። «ስፔሻል ሳንዱች» አዲስ አበባ የወጣ አዲስ አላጫጭ መሰለኝ። አላውቀውም እንዳልል አው ሙክታር ከጎኔ ቆመው ይሰማሉ። «እሺ ሻምበል» አልኩ።

ሳንዱች ምንድን ነው? ከታች ዳቦ፣ መሐሉ ላይ ነገር፣ ከላይ ዳቦ። ዳቦው እንግዲህ ፎጣ መሆን አለበት አልኩ ለራሴ። ትኩስ ፎጣ አለበስኳቸው። ሳሙናውን እንቁላል እንደሚመታ ሰው ከወትሮው አብዝቼ መታሁት። ላጨሁ። ሻቡን አሸሁ፣ ጨው መሆኑ ነው። አልኮሉን ጨመርኩ፣ እሱ ቃሪያው ነው። ከዚያ ማንም ሲያደርግ አይቼው የማላውቀውን አደረግሁ፤ በመጨረሻም ሌላ ትኩስ ፎጣ አለበስኩና ሳንዱቹን ከደንኩት። ሻምበል ያንኮራፉ ነበር።

ፎጣውን ሳነሳ ነቁ። ጉንጫቸውን ዳሰሱ፣ አገጫቸውን ዳሰሱ፣ ወደ በረንዳው ዞረው አዩ።

«ሳንዱቹስ?» አሉ።

«ይኸው ጨረስን፣ ሻምበል።»

«የምበላውን ነው የምልህ።»

ሚኪ ቶንዶዙን አጠፋ። ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ወደ እኛ ዞረ። ፈቲያ ለካ የጠፋ ደንበኛ ፍለጋ በሩ ላይ ቆማ ታያለች። «አቦ፣ የኔን ሳንዱች ሰውየው ፊት ላይ ሠሩት» ብላ የበሩን መቃን ይዛ ሳቀች።

እኔ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር። ሻምበል ግን አልተቆጡም። «ጨርቁን ስታስር ፈቲያ ቤቷን አዘመነች አልኩ» አሉ። «ፎጣው ሲመጣ ለእጅ መስሎኝ እጄን ዘረጋሁ፣ አንተ ፊቴ ላይ ጣልከው። ሳሙናው ሲመጣ ገባኝ። ግን እንዲህ ተመችቶት ማን ይነሳል?» ከዚያ ራሳቸውም ሳቁ፣ ጨርቁ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ። «ነገም እመጣለሁ» አሉ። «ያኛውንም ይኼኛውንም አዛለሁ።»

አው ሙክታር ብቻ አልሳቁም። «ያ ሁለተኛው ፎጣ የጠጣው ውኃ ከየት የሚመጣ መሰለህ?» ነው ያሉኝ።

ሻምበል ቃላቸውን ጠበቁ። በማግሥቱ መጡ፣ ሳምንት ሳይሞላ ደግሞ ሌሎች ጡረተኞችን አስከትለው መጡ። ጡረተኞቹ ለመምህራን ነገሩ፣ መምህራኑ ለመሥሪያ ቤት ሰው። ከድሬ ጠያራ አትክልት ይዞ የሚመጣ አንድ ገበሬ እንኳ ገበያውን ጨርሶ «ያ ፊት ላይ የሚበላው ነገር እዚህ ነው?» ብሎ ገባ። ማዘዣውም እንደ ፈቲያ ቤት ሆነ። «ኖርማል» ማለት አንድ ፎጣ፣ «ስፔሻል» ማለት ከነክዳኑ። አልኮሉ የሚያቃጥለው ሰው «ቃሪያ አታብዛበት» ይላል። ምላጭ ጫር አድርጎ ደም ብቅ ካለ፣ ያ በእኛ ቋንቋ ቲማቲም ነው። ቃሉን ያመጣው ሚኪ ነው፣ አው ሙክታርም ሳይወዱ በግድ ተቀበሉት፤ ቢያንስ ደም አይልም። የእኔ ሳንዱች ያለ ቲማቲም ነው የሚቀርበው። ሽንኩርት አለው ወይ ለሚል ሚኪ «እሱን ከብብቱ ታገኘዋለህ» እያለ ያስቅብኝ ነበር።

ፈቲያ ደግሞ ስሟ ያለ ፈቃዷ የተወሰደባት ያህል ተቆጣጣሪ ሆነች። ሥራ ሲቀዘቅዝ ትመጣና እጇን አጣጥፋ ቆማ ታያለች። አንድ ቀን አልቻለችም።

«ሁለተኛ፣ ደረቅ ዳቦ ላይ ነው እንዴ እንቁላል የምትጥለው?»

«ፎጣው እርጥብ ነው እኮ።»

«ስለ ፎጣው ማን ጠየቀህ? ፊቱን ነው የምልህ። እኔ እኮ ዳቦውን መጀመሪያ ዘይት ቀባ አደርገዋለሁ። አለበለዚያ የመሐሉ ውኃ ሁሉ ዳቦው ውስጥ ይገባል፣ ይላላል፣ ይቀደዳል። ዘይቱ መሐል ገብቶ ያለያያቸዋል። ሳንዱች ብለህ ስሜን ካነሳህ በሥርዓቱ ሥራው።»

ቤት ገብቼ አሰብኩበት። ማታ ፊቴን በሰሊጥ ዘይት ቀባ አድርጌ፣ በላዩ ሳሙና መትቼ በራሴ ላይ ሞከርኩት። ምላጩ ተንሸራተተ። ጠዋት ቆዳዬ ላይ የተለመደው ማሳከክ አልነበረም። በማግሥቱ የሰሊጥ ዘይት በትንሽ ጠርሙስ ይዤ ገባሁ፣ ለፈቲያም አንገቴን ሰበር አድርጌ አመሰገንኩ። «ምስጋናውን ተውና ሰዉን በልቶ እንዲሄድ ወደ እኔ ላክ» አለችኝ።

ወንበሬ ሰው አገኘ። አው ሙክታር ግን አልረኩም። ሐረር ላይ ውኃ ስትመጣ እንግዳ ናት፣ ስትሄድ ባለቤት። በጄሪካን የምናስመጣውን ውኃ እሳቸው እንደ ሽቶ ነው የሚያዩት። «ያንተ ሳንዱች የአንድ ቤተሰብ ውኃ ይጠጣል» ይሉኝ ነበር። «ደግሞ ሰዉ ለቀልዱ ነው የሚመጣው። ቀልድ ያልቃል። ያኔስ?» ይህ ከውኃው በላይ አሳሰበኝ፣ ምክንያቱም ልክ ሳይሆኑ አይቀሩም ብዬ ፈርቼ ነበር።

እንዲህ እያለ አረፋ ሲቃረብ ሻምበል በላይ ልጃቸውን ዳዊትን ይዘው መጡ። ድሬዳዋ የሚሠራ፣ ሰርጉ የደረሰ፣ ጉንጩ ላይ ጺሙ የጠቆረ መልከ መልካም ሰው ነው። ወንበሩ ላይ መቀመጥ አልፈለገም።

«ምላጭ አይስማማኝም» አለ። «በተላጨሁ በማግሥቱ ፊቴ በሙሉ ቡግር ይሆናል። ለዓመታት በቶንዶዝ ነው የምቆርጠው።»

«ታዲያ በቶንዶዝ ይሁን» አልኩት።

«እጮኛዬ ደግሞ ይወጋኛል አለች። በሰርጌ ቀን ሳማት ተብዬ ፊቷን ስታዞር ሊቀረጽ ነው?»

ሻምበል ጣልቃ ገቡ። «ስፔሻል ይደረግለታል። ለእሱም ለሚዜዎቹም። በሰርጉ ጠዋት።»

አንገቱን አየሁት። ፀጉሩ እየተጠቀለለ ተመልሶ ቆዳው ውስጥ የሚገባ ዓይነት ነው። እንዲህ ያለ ፊት በተቃራኒ ከላጩት ቅጣቱ የማይቀር ነው። ወደ አበቃቀሉ ብቻ፣ በዘይት ላይ፣ በቀላል እጅ ከሆነ ግን ይቻላል አልኩ በሆዴ። በአፌ «እሺ» አልኩ።

ሲወጡ አው ሙክታር በሩን ገፋ አደረጉና «የሙሽራ ፊት ቀልድ አይደለም» አሉኝ። «ፎቶውን አገር ያየዋል። የኛ ቤት ነው የላጨው ይባላል። ቲማቲም ከታየ ወይ ፊቱ ካበጠ፣ አረፋን አንጠብቅም፣ ሁለተኛ። በዚያው ቀን እንለያያለን።» ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ከፍ ቢያደርጉ ይሻለኝ ነበር።

የሰርጉ ጠዋት ደረሰ። ውኃ ከጠፋች ሰንብታለች። በእጄ ያለው በአንድ ጄሪካን የተረፈ ውኃ ነው። ግማሹን አፍልቼ በፔርሙዝ ያዝኩ፣ ግማሹን ኋላ ለመክደኛው ፎጣ ላፈላውና ለማጠቢያ ብዬ በበሩ አጠገብ አስቀመጥኩ። ሙሽራው ነጭ ሸሚዙን እንደለበሰ ከነሚዜዎቹ ገባ። ካሜራ የያዘው ሰው በረንዳው ላይ ይጠብቃል። ሻምበል አግዳሚው ላይ ሙሉ ልብስ ለብሰው ተቀምጠዋል። አው ሙክታር ደንበኛ የላቸውም፣ ግን ወንበራቸውን አዙረው ወደ እኔ ተቀመጡ።

«ሸሚዝህን አውልቀው» አልኩት ሙሽራውን።

«ያየኝ ሰው ሁሉ ሸሚዙን እንዳልጨማድድ ሲጮህብኝ ነው ያደረው። በጨርቅ ሸፍነኝ።»

ነጭ ሸሚዝ፣ እኔ፣ ስሜም ደምሴ። ጨርቁን በደንብ አጠበቅሁ።

ትኩስ ፎጣ አለበስኩት፣ ፀጉሩ እስኪለሰልስ ከወትሮው አቆየሁት። በሰሊጥ ዘይት አሸሁት። ሳሙናውን መታሁ፣ ቀባሁ። አዲስ ምላጭ ከወረቀቱ አወጣሁ። ከጆሮው ሥር ጀመርኩ። ቆዳውን ወጥሬ፣ አጭር አጭር እያልኩ፣ ወደ አበቃቀሉ ብቻ። ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የምላጩ ድምፅና የሰፊዎቹ መኪና ነው። የቁልቋሉን ልጥ አሰብኩ። እሾሁን ላጭ፣ ልጡን አትንካ። ጉሮሮው ላይ ስደርስ ሙሽራው ምራቁን ሊውጥ ሲል እጄን አነሳሁ፣ ዋጠ፣ ቀጠልኩ። ሲያልቅ ጨርቁን አየሁ። ምንም የለበትም።

ሻቡን ሳሽ ግን ፊቱ መቅላት ጀመረ። ቡግር አይደለም ገና፣ ግን ወደዚያ የሚሄድ መቅላት። አልኮሉን ተውኩት፣ ለዚህ ቆዳ ቃሪያ አይሆንም። ለመክደኛው ፎጣ ውኃ ላፈላ ጄሪካኑን ባነሳው ባዶ ነው።

ዞር ብዬ አየሁ። አንደኛው ሚዜ ጫማው ላይ የነካውን ጭቃ በውኃዬ አጥቦ በደስታ እያብለጨለጨ ነው። «ለዚሁ የተቀመጠ መስሎኝ» አለ። ፔርሙዙም አልቋል። አው ሙክታር ከወንበራቸው ተነሱ። የሙሽራውን ጉንጭ አዩ፣ እኔን አዩኝ።

«ፈቲያ» ብዬ ተጣራሁ፣ ድምፄ ከበረንዳው አልፎ የመኪና ግርግር ሰፊዎችን ቀና አስደረገ።

ፈቲያ የእንቁላል መምቻዋን እንደያዘች ደረሰች። «ውኃ» አልኳት። «የፈላ የለኝም» አለች፣ «ምድጃውን አሁን ነው የለኮስኩት። ፍሪጅ ውስጥ ያለ ነው።»

«አምጪው።»

«ቀዝቃዛ እኮ ነው፣ በረዶ ሆኗል።»

«አምጪው ብዬሻለሁ።»

ትኩስ ፎጣ የሌለው ሳንዱች ክዳን የሌለው ነው ብዬ ነበር የማምነው። ግን ፊቱ ይነድዳል፣ ሌላ ምርጫ የለኝም። ፎጣውን የፍሪጅ ውኃ ውስጥ ነከርኩ፣ ጨመቅሁ፣ የማንጎ ሽታ አለው፣ ፊቱ ላይ አሳረፍኩት። ሙሽራው ደንገጥ አለ፣ ከዚያ ረዥም ትንፋሽ ወጣው። «አንዱ ጎኑ ትኩስ፣ አንዱ ጎኑ ቀዝቃዛ ሳንዱች ማን አየ?» አለች ፈቲያ ከኋላዬ። ማንም አልሳቀላትም።

ፎጣውን ከጫፉ ጀምሬ ቀስ ብዬ አነሳሁ። መቅላቱ የለም። ፊቱ እንደ ሕፃን ጉንጭ ለስልሶ፣ ቀዝቅዞ፣ ተኝቷል። ሙሽራው በመስታወቱ ራሱን አየ፣ በእጁ ጀርባ ዳሰሰ፣ እንደገና ዳሰሰ። ሻምበል ከአግዳሚው ተነሥተው ልጃቸው ፊት ቆሙ፣ ጎንበስ ብለው ጨርቁንም ሸሚዙንም እንደ መሣሪያ ፈተሹ፣ ከዚያ ቀና ብለው ለቤቱ በሙሉ አስታወቁ።

«ያለ ቲማቲም።»

ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ። ሚኪ ቶንዶዙን ወደ ላይ ይዞ አስነሳው፣ ከጥሩምባ ይልቅ ጮኸ። ጫማውን ያጠበው ሚዜ ቀድሞ ወንበሬ ላይ ተቀመጠ፤ እሱን በጄሪካኑ ምክንያት የፈቲያን ውኃ ራሱ እንዲሸከም አደረግሁት። በዚያ ጠዋት የሙሽራው ሚዜዎች በሙሉ ከእጄ ወጡ፣ ሁሉም በቀዝቃዛ ፎጣ ተከድነው። ደስ አለኝ። ደስታዬን ልደብቅ አልሞከርኩም፤ በረንዳው ላይ ወጥቼ መኪኖቹ ጥሩምባ እየነፉ ሲሄዱ እጄን ሳውለበልብ የእኔ ሰርግ ይመስል ነበር።

በሦስተኛው ቀን ሻምበል ስልካቸውን ይዘው መጡ። በፎቶው ላይ ሙሽራዋ ጉንጯን በሙሽራው ጉንጭ ላይ አሳርፋ ዓይኗን ጨፍናለች። «ፊቱ እንዴት ነው?» አልኳቸው ቶሎ ብዬ። «አንድም ቡግር የለም» አሉ። «እሷ ደግሞ ይህ ሰው በየስንት ጊዜው ይላጫል ብላ ትጠይቃለች።»

ከዚያ ወዲህ የመጨረሻው ፎጣ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ሆነ። ለመክደኛው የሚፈላ ውኃ ስለቀረ ፍጆታችንም ቀነሰ፤ አው ሙክታር ይህን አዩ፣ ግን አፍ አውጥተው አልነገሩኝም። ፎቶው በየስልኩ ስለዞረ ከሙሽራው ጋር የሚዛመድ ሁሉ፣ ምላጭ አይስማማኝም የሚል ሁሉ ይመጣ ጀመር። ለቀልዱ የሚመጣው ሰው በርግጥ ቀነሰ። ለፊቱ የሚመጣው ግን ወንበሬን አላስቀዘቅዘውም አለ።

የአረፋ ዋዜማ የፀጉር ቤት ሰው የዓመቱ ሥራ ነው። ጀጎል በሙሉ ተስተካክሎ ሊያድር ይፈልጋል። በረንዳው፣ አግዳሚው፣ የፈቲያ ወንበሮች ሳይቀሩ በተራ ጠባቂ ተሞልተዋል። ያ ቀን የእኔም የመጨረሻ ቀን ሊሆን የተቀጠረ ነበር። አው ሙክታር ከጠዋት ጀምሮ ስለ ሶፋ ምንም አላነሱም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ሳላስበው በየመሐሉ በር በሩን አይ ነበር፤ ሶፋ ጭኖ የሚመጣ ጋሪ ይኖር እንደሆነ።

ከዐሥር ሰዓት ሶላት መልስ አው ሙክታር ገቡ። እሳቸው እስከዚያ ቀን ሰው ላጭቷቸው አያውቅም። ከአባታቸው ሙያውን ከተማሩ ጀምሮ ጉንጫቸውንና አንገታቸውን በራሳቸው እጅ ነው የሚያስተካክሉት፣ መስታወት እንኳ ሳያዩ። ተራ ጠባቂው ሁሉ ተነሥቶ መንገድ ለቀቀላቸው፤ ወደ ወንበራቸው የሚሄዱ መስሎት። አልፈውት መጡና የእኔ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ኮፊያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ራሳቸውን ወደ ኋላ አስደግፈው ጉሮሮአቸውን ሰጡኝ።

ሚኪ ቶንዶዙን አጠፋ። ፈቲያ በበሩ ላይ ቆመች።

እኔ እጄ ጨርቁን ይዞ ቀረ። «ምን ላድርግልዎት፣ አው ሙክታር?» አልኩ።

ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ሰዉ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ መለሱ።

«ስፔሻል፣ ደምሴ። ቃሪያ አታብዛበት።»

ትኩስ ፎጣውን ነከርኩ፣ አዲስ ምላጭ ከወረቀቱ አወጣሁ። ሲያልቅ በቀዝቃዛው ፎጣ ከደንኳቸው። ከሥሩ ሆነው «አልሐምዱሊላህ» ሲሉ ሰማሁ። ያ ወንበር ዛሬም መሐል ላይ ነው፣ ሶፋም ገብቶ አያውቅም።

በሙያው ላላችሁና ለምትገቡበት የምነግራችሁ ይህ ነው። ምላጩ ስላለፈ ሥራው አላለቀም። ለመጨረሻው ፎጣ ቀዝቃዛ ውኃ አስቀምጡ፣ ሚዜ ከማይደርስበት ቦታ።